አሸንፌ ያፈርኩበት የካሴ ሶሌታ

ወገኖቼ፣ ዛሬ ረታሁ!

ሃያ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረውን ሙግቴን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ በመሐንዲስ አፍ ረታሁ።

ተረትቼ እንኳን እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

ጠዋት የለጠፍኩትን ፎቶ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ። ነጭ ቀሚሴን ለብሼ፣ ወንበሬን ከደጄ አውጥቼ ተቀምጫለሁ። ከኋላዬ የጎረቤቴ የካሴ ፎቅ ይታያል። "ዛሬ እውነት ትወጣለች" ብዬ ጽፌበታለሁ። ላይኩ ዘነበ! ዳባት ያለችው የባሌ እህት ሳትቀር የልብ ምልክት አደረገችልኝ። መንገድ ላይ ስታገኘኝ ጉንጯን የምትነፍገኝ ሴት!

ከሰዓት በኋላ ደግሞ "እትዬ፣ እውነቷ ወጣች ወይ?" የሚል ኮሜንት ይደረደር ጀመር።

ወጣች።

ፎቶውን ግን አላጠፋውም። ባጠፋው ስክሪንሾት ያነሣችሁት መልሳችሁ እንደምትለጥፉት አውቃለሁ። ስማችሁንም አውቃለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት ከሥሩ ልንገራችሁ።

ደባርቅ፣ ዋናው መንገድ ዳር፣ ቤቴና የካሴ ቤት በአንድ አጥር ይዋሰናሉ። የእሱ ባለ አንድ ፎቅ ነው። ታች ሱቅ አለው፤ ላይ እሱና ሚስቱ ጥሩዬ ይኖራሉ። የፎቁ ወለል፣ ግንበኞች ሶሌታ የሚሉት ጠፍጣፋው ኮንክሪት፣ በእኔ በኩል በረንዳ ሆኖ እስከ አጥሬ አናት ድረስ ይመጣል።

በዚያ ሶሌታ ሆድ ላይ አንድ መስመር አለ።

ከዳር እስከ ዳር የሄደ መስመር። መጀመሪያ ፀጉር የሚያክል ነበር። ክረምት ሲመጣ ውኃ አንጠባጠበ። ከዚያ ነጭ ነገር እንደ ቀለጠ ጧፍ ተንጠለጠለበት። ከዚያ ነጩ ቡናማ ሆነ። አምና ደግሞ ጡጫ የሚያህል ቁራጭ ወርዶ የቆርቆሮ አጥሬን አጎደጎደው። ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ ሌላ ወደቀ። ልብስ ከማሰጣበት ገመድ ሥር!

ማዘጋጃ ቤት ሄጄ አመለከትኩ። "ለሕይወቴ ያሰጋኛል፣ ይፍረስልኝ" አልኩ።

ውሸት አይደለም፤ ያሰጋኛል። ግን ሙሉው እውነት ያ ብቻ ነው ካልኩ እናንተም አታምኑኝ።

እኔ ካሴን ሃያ ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ። በአግባቡ ነው የጠላሁት፤ በምክንያት።

ካሴ የባሌ የፈንታሁን ባልንጀራ ነበር። ሁለቱም የበየዳ ልጆች ናቸው። አብረው ከብት ጠብቀው፣ አብረው ወደ ደባርቅ የወረዱ። ፈንታሁን የፓርክ ጠባቂ ሆነ፤ ካሴ ነጋዴ ወጣው። ባሌ ፓርኩ ውስጥ፣ ሳንቃ በር ላይ፣ ውርጭ ሲጠጣ ከርሞ ሲመለስ፣ ከገዛ ቤቱ በፊት የሚገባው ካሴ ዘንድ ነበር። ለዚህም ተቀይሜያለሁ። እሱ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ቂም ነው።

ካሴ ፎቁን ሲሠራ፣ የሶሌታውን ሳንቃ የሚሸከሙት ባላዎች በእኛ ግቢ ውስጥ እንዲቆሙ የፈቀደለት ፈንታሁን ነው። "የእሱ ቤት ሲያልቅ የእኛም ቤት ያለቀ ያህል ነው" ይል ነበር። እኔ አልተጠየቅኩም።

ከዚያ ፈንታሁን አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሞተ።

ስለሱ ብዙ አልጽፍም። ፌስቡክ ለቅሶ ቤት አይደለም።

የዕድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ደባርቅ ነቅሎ መጣ። ከዳባት መጡ፤ ከዛሪማ ሳይቀር በጭነት መኪና ተጭነው መጡ።

ካሴ አልመጣም።

አስከሬኑ ሲወጣ አልነበረም። ፍትሐት ላይ አልነበረም። አፈር ሲመለስ አልነበረም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ደረቴን እየመታሁ፣ ዓይኔ ግን አንድ በአንድ ይለቅም ነበር። ሐዘንተኛ ሰው አያይም ያላችሁ ማን ነው? ሐዘንተኛ እንደሚያይ ማንም አያይም!

ሌላም ነገር አየሁ። ባሌን የተሸከሙት ሰዎች እግራቸው እስከ ጉልበት በግራጫ ጭቃ ተለውሷል። ሱሪያቸው ደርቆ ይንኳኳል። እጃቸው ነጥቶ ተሰነጣጥቋል። በዚህ መልክ ሬሳ ይነሣል? "ባሌን በጭቃ እግር ቀበሩት" እያልኩ ስናገር ኖሬያለሁ። ፌስቡክ የከፈትኩ ሰሞን የለጠፍኩት እሱን ነው፤ ያኔ አልቅሳችሁልኛል።

ዕድሩን "ካሴ ይቀጣልኝ" አልኩ። ተቀጣ። ትንፍሽ ሳይል ከፈለ። ዝምታውን የበደለኛ ዝምታ ነው ብዬ ያዝኩት።

ከዚያ ወዲህ ቃል አልተለዋወጥንም። እሱ ቤተ ክርስቲያን በምሥራቁ በር ከገባ እኔ በምዕራቡ ነው የምገባው። ሱቁ ከደጄ ሳለ ጨው ለመግዛት ገበያ ድረስ እሄዳለሁ።

ያ መስመር ሶሌታው ላይ ብቅ ያለ ዕለት ምን እንዳልኩ ልንገራችሁ?

"የእግዜር ጅራፍ ነው" አልኩ።

ግንበኛውን አያ ስማቸውንም አልማርኩትም። "ሲሚንቶውን ግማሹን ሸጦት ነው" ብዬ ሰፈሩን አዳረስኩት። ከዚያ በኋላ ደባርቅ ውስጥ ትልቅ ሥራ የሰጠው የለም ይባላል። ይባላል ነው እንግዲህ፤ እኔ ለማን ሥራ ስጡ፣ ለማን አትስጡ ብያለሁ?

ወደ ዛሬው ልምጣ።

ማዘጋጃ ቤቱ ከጎንደር መሐንዲስ አስመጣ። ወንድ ስጠብቅ ሴት ሆና መጣች። ሜሮን ትባላለች፤ የልጅ ልጄ ብትሆን የምትደርስ ልጅ ናት። የራስ ቁር አድርጋ፣ መሰላል አስይዛ፣ ቀጥታ ወደ እኔ።

"እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ። ሊወርድብዎት ይችላል።"

እማማ!

"ልጄ፣ እኔ ከሥሩ ሃያ ዓመት ተቀምጫለሁ" አልኳት።

"ለእሱ ነው ፈቀቅ ይበሉ የምልዎት።"

ሰው ሳቀ። ወንበሬን አንሥቼ ፈቀቅ አልኩ። እዚያ ጋ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር።

ካሴ ከሱቁ በር ላይ ቆሟል፤ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ። አርጅቷል። በዚህ ቅርበት ካየሁት ብዙ ዘመን ነው። አያ ስማቸውም ተጠርቶ መጥቶ ግድግዳ ጥግ ተለጥፏል። ጥሩዬ ከላይ፣ ከመስኮቷ፣ እጇን አጣምራ ቁልቁል ታየኛለች።

መሐንዲሷ መሰላሉ ላይ ወጥታ ሶሌታውን በትንሽ መዶሻ ታንኳኳው ጀመር። እያንኳኳች ጆሮዋን ትሰጠዋለች። ከመስመሩ ራቅ ሲል ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። መስመሩ አጠገብ ሲደርስ እንደ ባዶ ቅል ዷ አለ።

"ስሙት!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ባዶ ነው! ሰማችሁ?"

ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ መቅረጽ ጀመርኩ። ላይቭ ልገባ ነበር! ኔትወርክ አዳነኝ።

ከዚያ በመሮ ልስኑን ቀርፋ ኮንክሪቱን ፈለጠችው። ውስጥ ያለው ፌሮ ታየ። ፌሮ ሲባል የማውቀው ወፍራም ብረት ነው፤ ያ ግን ዝገቱ ቅርፊት በቅርፊት ሆኖ አብጧል። ቅርፊቱን ስታራግፈው መሐሉ ሳስቷል።

አንድ ውኃ የመሰለ ነገር ረጨችበት። ዳር ዳሩ ወዲያው ሮዝ ሆነ። መስመሩ አጠገብ ያለው እንደነበረ ቀረ።

"ሮዝ የሆነው ጤነኛ ነው" አለች። "ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ጉልበት አለው። ቀለም ያላወጣው ያ ጉልበት ያለቀበት ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል፤ ሲያብጥ ኮንክሪቱን ከውስጥ ይገፋዋል። እርስዎ ግቢ የወደቀው ቁራጭ ዝም ብሎ የረገፈ አይደለም፤ ከውስጥ ተገፍቶ ነው።"

"እንዲህ እስኪሆን ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?" አልኳት።

"ዓመታት ነው። ውጭ ላይ በታየ ጊዜ ውስጡ ሲበላሽ ቆይቷል።"

አንገቴን ነቀነቅኩ። ስለ ካሴ የምታወራ መስሎኝ ነበር!

ሌላ መሣሪያ አወጣች፤ ሲጫኑት ተመልሶ የሚነጥር መዶሻ። ከመስመሩ ወዲህ ሞከረች፤ ወዲያ ሞከረች። ደገመች። ከዚያ ከመሰላሉ ወርዳ አያ ስማቸውን ፈልጋ አየችው።

"የሞሉት እርስዎ ነዎት?"

"እኔ ነኝ" አለ አያ ስማቸው፤ ራሱን እንደሚከስ ሰው።

"ኮንክሪቱ ጥሩ ነው። ሲሚንቶው አልጎደለም። በእጅ ተቦክቶ እንዲህ መሆኑ የሚያስገርም ነው።"

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። እኔ ስልኬን ማየት ጀመርኩ። አንዳንድ ጊዜ ስልክ የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

"ታዲያ ለምን ተሰነጠቀ?" አልኩ። ዝም ማለት እችል ነበር እኮ! ማን ጠየቀኝ?

"መስመሩ ነው ነገሩ" አለች መሐንዲሷ። "ሙሌቱ እዚህ ጋ ቆሟል። ይህኛው ወገን ከደረቀ በኋላ ነው ያኛው የተሞላው። አንድ ሶሌታ አይደለም፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሶሌታዎች ናቸው። ውኃው በመሐላቸው እየገባ ብረቱን በላው።" ወደ አያ ስማቸው ዞረች። "ሶሌታ ከተጀመረ እንደማይቆም እርስዎ ያውቃሉ። ምን ሆናችሁ ነው ያቆማችሁት? ሲሚንቶ አለቀ? ዝናብ መጣ?"

"ያው… ቆመ" አለ።

"ለምን?"

"ሠራተኛው ሄደ።"

"የት ሄደ?"

አያ ስማቸው ጫማውን አየ። ካሴ ከሱቁ በር ላይ ተናገረ።

"ተይው ልጄ። ከቆመ ቆመ ነው። አሁን ምን ይደረግ፣ እሱን ንገሪን።"

እዚህ ላይ ነው የራሴን ጉድጓድ የቆፈርኩት።

"ይናገር እንጂ!" ብዬ ከወንበሬ ተነሣሁ። "ምን ያስፈራዋል? ጠላ ቤት ገብተው ይሆናላ! ሰክረው ይሆናል!"

ከላይ ከመስኮቱ ድምፅ መጣ። የጥሩዬ ድምፅ። ያን ያህል ዓመት ለእኔ ያልወጣ ድምፅ።

"ባልሽን ሊቀብሩ ሄደው ነዋ!"

ወገኖቼ፣ መንገድ ላይ የነበረው ባጃጅ ሞተሩን ያጠፋ መሰለኝ።

ጥሩዬ ደረጃውን ወረደች። እጇ ላይ ሊጥ ነበረ፤ አልታጠበችም። ፊት ለፊቴ ቆመች።

"ጥሩንባው ሲነፋ እኩሌታው ሞልቶ ነበር። ይኸው ስማቸው ቆሟል፣ ጠይቂው። 'ካቆምነው ይበላሻል፣ እባክዎ እንጨርስ' ብሎ ለመነው። ካሴ ምን እንዳለ ልንገርሽ? 'ፈንታሁን ሞቶ እኔ ሲሚንቶ ላስቦካ? አንድ ሰው እንዳይቀር፣ ሁላችሁም ሂዱ' አለ። እጃቸውን እንኳ ሳይታጠቡ ነው የሮጡት። ባልሽን የተሸከሙት እነሱ ናቸው!"

ግራጫው ጭቃ።

ያ ሱሪያቸው ላይ የደረቀው፣ እጃቸውን ያነጣው። ያ "በጭቃ እግር ቀበሩት" እያልኩ የከሰስኩት። ሲሚንቶ ነበር።

ምን አልኩ መሰላችሁ? "ይቅር በሉኝ" ያልኩ የመሰላችሁ አታውቁኝም።

"እሱስ?" አልኩ። ድምፄ ቀጥኖ ወጣ። "ሠራተኛው ይምጣ፤ እሱ ራሱ የት ነበረ?"

"ከሶሌታው ሥር ነዋ! ሰው ሁሉ ሲሄድ ባንቺ በኩል ያለው ባላ ተንሸራተተ። ያ ሁሉ እርጥብ ኮንክሪት ወደዚያው አዘመመ። ባላዎቹን ከጋረደው ሸራ ወዲያ ያንቺ ድንኳን ነበር፤ ሴቶቹ ተኮልኩለው እያለቀሱ። እሱ ባላውን በትከሻው ደግፎ፣ እኔ ሽብልቅ እያቀበልኩት፣ እናንተ ከቀብር እስክትመለሱ እዚያው ቆሞ ነበር።"

"ታዲያ 'ተነሡ' አትሉም ነበር?"

"ለቅሶ የተቀመጠ ሰው 'ተነሡ' ይባላል?"

አይባልም። እኔም ብሆን አልልም።

"ለምንስ አልነገራችሁኝም? ይህን ሁሉ ዓመት!"

"መቼ ሰማሽ? በሠልስቱ መጣ፤ በሩን በፊቱ ላይ ዘጋሽው!"

ይህችን በር የመዝጋቷን ነገር እስካሁን አልነገርኳችሁም። ሁሉን ነገር ልነግራችሁ አልተስማማንም።

ካሴ "ጥሩዬ፣ ይበቃል" አላት። ጥሩዬም በቃት። ሊጡ እጇ ላይ ደርቆ ነበር።

ከዚያ ያቺ ልጅ፣ መሐንዲሷ፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። ምስኪን፣ ኮንክሪት ልትመረምር መጥታ ምን ላይ ወደቀች!

"እንግዲህ… የእማማ ማመልከቻ ልክ ነው። ሶሌታው አደገኛ ነው። በዚህ ሁኔታ ክረምት ሊገባበት አይገባም።"

ረታሁ ያልኳችሁ ይህን ነው።

"ሁለት መንገድ አለ" ስትል ቀጠለች። "ከሥር ተደግፎ መስመሩን ተከትለን የተበላሸውን ብቻ ፈልፍለን እናወጣለን፤ ብረቱ ይቀየራል፤ እንደገና ይሞላል። ላይኛው ቤት ይተርፋል። ድጋፉ ግን መቆም ያለበት እዚያ ነው።" በጣቷ የእኔን ግቢ አሳየች። "እዚያ ካልቆመ ፎቁ በሙሉ መፍረስ አለበት። ሌላ መላ የለውም።"

ሰው ሁሉ እኔን አየ።

ካሴ ግን አላየኝም። ለመሐንዲሷ ነው የተናገረው።

"እሳቸው አይጠየቁ። ይፍረስ። ቤት ነው፤ ሰው አይደለም።"

እሳቸው አለኝ! ፈንታሁን በሕይወት ሳለ "ማንጤ" ነበር የሚለኝ። ማንጠግቦሽ የሚለውን ሙሉ ስሜን ከእሱ አፍ ሰምቼው አላውቅም።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። "እምቢ" የሚለው ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ለምን እዋሻለሁ? ያ ፎቅ ሲፈርስ ለማየት ስንት ክረምት ጠብቄያለሁ። ምክንያት ስጪ የሚለኝም አልነበረም። እሱ ራሱ "እሳቸው አይጠየቁ" ብሏል። ዝም ብል እንኳ ይበቃ ነበር። ሰው ሃያ ዓመት የተኛበትን ቂም ከምሳ በኋላ ተነሥቶ አያጥፈውም።

ቀና ብዬ መስመሩን አየሁት።

ልስኑ ተነሥቶለት ከዳር እስከ ዳር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ወዲህ ባሌ ከመሞቱ በፊት የተሞላው ነው። ወዲያ ባሌ ከተቀበረ በኋላ የተሞላው ነው። የፈንታሁን የመቃብር ድንጋይ አፈር ውስጥ ሰምጧል፤ የተጻፈበትን ዝናብ አጥቦታል። እሱ የሞተ ዕለት ደባርቅ ሥራዋን ጥላ እንደሄደች የሚናገር፣ ከዚያ ስንጥቅ በቀር፣ ምድር ላይ ምንም ነገር የለም።

እኔ ደግሞ እሱን ነው "የእግዜር ጅራፍ" ስል የኖርኩት።

አሁን አፍርሱት ብል ይጠፋል። ጠግኑት ብልም ይጠፋል።

"በጓሮ በኩል አጥሩን ክፈቱት" አልኩ። "በበሬ እንዳትገቡ። ጎመኔን የረገጠ ደግሞ ወዮለት!"

ይኸው ነው። ከዚያ የበለጠ ቃል ከአፌ አልወጣም። መሐንዲሷ "እግዜር ይስጥልኝ እማማ" አለች። ሦስተኛ ጊዜ እማማ!

አያ ስማቸው ከግድግዳው ሳይላቀቅ "እትዬ፣ ያ የሲሚንቶው ነገር…" አለኝ።

"አልሸጥክም። ሰማሁ።"

አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ሰውም አልተንቀሳቀሰም። ምን እንደሚጠብቁ ገባኝ። በአፌ ሰፈር ያዳረስኩትን በአፌ መመለስ ነበረብኝ።

"አልሸጠም!" ብዬ ጮህኩ፤ መንገድ ማዶ ያሉት እስኪሰሙ። "ስማቸው ሲሚንቶ አልሸጠም! ሥራው ጥሩ ነው! ደስ አለህ?"

"ትንሽ ዘገየ እንጂ ጥሩ ነው" አለኝ።

ወንበሬን አንሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከሰዓቱ ሲገፋ በጓሮ በኩል አጥሩ ተከፈተ። ካሴ ራሱ ባላ ተሸክሞ ገባ። በዚህ ዕድሜው! "ለጉልበተኛ ስጠው" ልለው አስቤ ተውኩት፤ ያዘንኩለት እንዳይመስለው።

ባላውን አጥሩ ሥር አጋደመው። ከዚያ ግቢው መሐል ቆመ፤ ያን ጊዜ ድንኳኑ የነበረበት ቦታ ላይ። ባርኔጣውን አወለቀ።

"እግዜር ያጥናሽ፣ ማንጤ" አለኝ።

ወገኖቼ፣ ይህ ለትናንት ሐዘንተኛ የሚባል ቃል ነው። ሃያ ዓመት አፉ ውስጥ ይዞት ኖሯል።

ግን ታውቁኛላችሁ።

"ቀብር ላይ ግን አልመጣህም" አልኩት።

"አልመጣሁም" አለ።

አልተከራከረም። ባላም አላለ፣ ኮንክሪትም አላለ። አልመጣሁም ብቻ። ከዚያ ለቅሶ ደራሽ እንደሚያደርገው አንድ ድንጋይ ስቦ ተቀመጠ፤ አንገቱን ደፍቶ። እኔም ወንበሬን አምጥቼ ተቀመጥኩ። ከላያችን ያ መስመር አለ። ከላይ ከመስኮቷ ጥሩዬ እያየችን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቀና ብዬ ግን አላየኋትም። ከእሷ ጋር ያለኝ ጉዳይ ገና አላለቀም።

እስካሁን አልሄደም። ይህን የምጽፈው ማድ ቤት ሆኜ ነው። በበሩ ክፍተት ጀርባው ይታየኛል።

ለቅሶ የደረሰን ሰው ባዶ አፉን መሸኘት ነውር ስለሆነ ስንዴና ሽምብራ ለንፍሮ ጥጃለሁ። ለነገ ሠራተኞች ነው! ኮሜንት ላይ ሌላ ነገር የሚጽፍ ሰው ብሎክ ይደረጋል። ዳባት ያለሽው፣ አንቺንም ይጨምራል።

ወግ የምታውቁ ካላችሁ ግን አንድ ነገር ንገሩኝ። ለሃያ ዓመት ሐዘን ዛሬ የመጣ ለቅሶተኛ ስንት ቀን ነው የሚቀመጠው?